የጉልበት መታጠፍን የሚለካ ጨርቅ ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በተካሄደ አንድ የምርምር ግምገማ ላይ፣ የሰውነት እንቅስቃሴን የሚለካ ዳሳሽ ጨርቅ ለመሥራት የቀረበ የበጀት ጥያቄ ውድቅ ተደረገ። ኃላፊው የሰጡት ምክንያት ከውሳኔው የባሰ ነው። «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እንቅስቃሴ ለመቁጠር ስልክ አለ፤ እኛ የሚያስፈልገን የሚለበስ ጨርቅ ነው» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው።

ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ እርምጃ ይቆጥራል። ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ግን ከኪስ ሆኖ ከየት ያውቃል? ከዘጌ ማገዶ ጭኖ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው ትከሻው እስኪዝል ይሠራል፤ አንድ እርምጃ ግን አይራመድም። ስልኩ ምን ሊቆጥርለት ነው? ይህን ያህል እንኳ ሳያገናዝቡ የወጣቶችን ሥራ መዝጋት ድፍረት ነው።

ጨርቁ ምትሃት አይደለም። ብር የተለበጠ የናይለን ክር እንደ ሹራብ በቀለበት በቀለበት ይያያዛል። ሲለጠጥ ቀለበቶቹ የሚነካኩበት ሁኔታ ይለወጣል፤ በክሩ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም አብሮ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ያንን ለውጥ ትንሽ ሰርኪዩት ያነበዋል። መለጠጥን ለመለካት በድልድይና በማሽን ላይ የሚለጠፈው የብረት መለኪያ ጥቂት በመቶ ከተለጠጠ ይበጠሳል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ግን ከላዩ ያለው ቆዳ ከ30 በመቶ በላይ ሊለጠጥ ይችላል። ይህን የሚችለው ጨርቅ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሕመምተኛው ጉዳይ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ጄሶ የወጣላቸው አንድ አባት ከጣና ደሴቶች ተነሥተው በጀልባ ይመጣሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጉልበታቸውን ቀስ አድርጋ ታጥፋለች፤ ማዕዘኑን ትለካለች፤ «እቤትዎ በየቀኑ ያጥፉት አባቴ» ብላ ትሸኛቸዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያየዋል? አጥፈውታል ወይስ ሕመሙን ፈርተው ዘርግተው ተቀምጠዋል? የት ሲደርስ ነው የሚያማቸው? በቀጣዩ ቀጠሮ ጉልበቱ ደርቆ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። ጉልበት ላይ የሚጠለቅ አንድ ዳሳሽ ጨርቅ የየቀኑን መታጠፍ መዝግቦ ቢያቆይላት፣ ባለሙያዋ በግምት ሳይሆን በመረጃ ታክማቸው ነበር። በሽተኛው ከሐኪሙ በራቀ ቁጥር የዚህ ጨርቅ ጥቅም ይጨምራል። ሀብታም አገር ውስጥ ባለሙያው ቅርብ ነው፤ እኛ ዘንድ በመካከል ሐይቅ አለ። ታዲያ ቅንጦቱ ለማን ነው?

ላብና እጥበት ብሩን እንደሚጎዱት፣ ደጋግሞ የተለጠጠ ጨርቅም ወደ መነሻ ልኩ በትክክል እንደማይመለስ አውቃለሁ። ምርምር የሚያስፈልገው ለዚሁ አይደለምን?

«የሚለበስ ጨርቅ» መባሉ ደግሞ ይገርማል፤ ይህም የሚለበስ ነው! ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያቀፈ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ይህን ካልሞከረች ማን ይሞክረው? ጥያቄው እንደገና ይታይ። የብር ክሩ ይገዛ፤ በሚቀጥለው ግምገማ ላይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይጠሩና ድምፅ ይሰጣቸው።