ይድረስ ለጤና ጣቢያችን ክብ ማህተም

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ ደህና ብሆን እርስዎን ምን አስፈለገኝ!

ድሮ አላውቅዎትም ነበር። የማውቀው ካሸሯን ነው። ታመምኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኜን ይዤ ገባሁ። ብር ከሌለኝ ደግሞ ቤቴ ተኝቼ ዳማከሴ እጠጣለሁ። አበቃ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እየሰፋ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግን "በዓመት አንዴ መዋጮ ክፈሉ፣ ከነቤተሰባችሁ ታከሙ" ተባልን። እልል አልን። የእውነት ጥሩ ነገር ነው። ጎረቤቴ ልጇ በታመመ ቁጥር ብድር ፍለጋ መዞር ትታለች። (ይቺ ምስጋና ለመድህኑ ናት፣ እርስዎ ጋ እንዳትደርስ።)

ታዲያ የካሸሯ ወረፋ የት ሄደ? እርስዎ ጋ! ካርድ ክፍል ማህተም፣ ላቦራቶሪ ማህተም፣ መድኃኒት ማዘዣ ላይ ማህተም። ፋርማሲ ስንደርስ ወፍ የለም። "ከውጭ ግዙ" እንባላለን። ያወጣነው ብር እንዲመለስልን ደግሞ መድኃኒቱ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ማህተም እናስመታለን።

ባለፈው ሐኪሙ ቶሎ አየኝ። የጠፉት እርስዎ ነዎት። መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎብዎታል፣ ቁልፉ ሰውዬው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውዬው ስብሰባ ነው። ማዘዣቸውን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩ እናት በየመሀሉ "ልጄ፣ ማህተሙ መጣ?" ይሉኛል፤ ስፔሻሊስት የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ከሰዓት ብቅ አሉልን። ያን ሁሉ ባዶ ወረቀት ትተው የት አረፉ? የካርድ ቁጥሬ ላይ! ቁጥሩ በሐምራዊ ቀለም ተዋጠ።

ይሄ ለእኔ ቀልድ ነው፣ ለጤና ጣቢያው ግን ብር ነው። ያከመበትን ከእኔ አይቀበልማ። የእያንዳንዳችንን ወረቀት ሰብስቦ መድህኑን ይጠይቃል። ኦዲተር ቁጭ ብሎ ያገላብጣል። ፊርማ የጎደለው ይወጣል፣ ቁጥሩ የማይነበበው ይወጣል። የወጣው አይከፈልም፤ የቀረውም ቢሆን በጊዜው አይመጣም። እስከዚያ የመድኃኒት አቅራቢው ዕዳ ይቆለላል፣ መደርደሪያው ይራቆታል፣ እኛም "ከውጭ ግዙ" እንባላለን። ጉድ እኮ ነው! ቁጥሩን ሸፍነው መድኃኒቱን ያስጠፉት እርስዎ፣ ለመጥፋቱ የሚመሰክሩትም እርስዎ።

ካፒቴሽን የሚባል አከፋፈል እንዳለ ሰምተው ይሆናል። በየወረቀቱ መክፈል ይቀርና ለጤና ጣቢያው በተመዘገበው ሰው ልክ አስቀድሞ ብር ይሰጠዋል። እንዳይደነግጡ። የተመዘገበው ሰው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም፣ ደብዳቤው ደግሞ ያለ እርስዎ የትም አይደርስም። ካሸሯ ጡረታ ትወጣለች እንጂ እርስዎ ወይ ፍንክች!

እስከዚያው አንድ ልመና አለችኝ። ስብሰባ ሲሄዱ ተወካይ ይተዉልን። ሲያርፉም ከቁጥሩ ፈቀቅ ይበሉ።

ከአክብሮት ጋር
ከአግዳሚ ወንበሩ

ግልባጭ፦
ቁልፉን ለያዙት ሰውዬ (ከስብሰባ ሲመለሱ)