ኮራሉ ነው የታመመው ወይስ ውኃው?

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። ልጁ ዱባይ ሠርቶ የተመለሰ ነው። እዚያ የለመደውን የጨው ውኃ አኳሪየም ሳሎኑ ውስጥ አቁሟል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ የባሕር ፍጡር ማኖር ቀላል ሥራ አይደለም። በቅርቡ ከአዲስ አበባ አንድ ቅርንጫፋም ኮራል አስመጣ። ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ መንጣት ጀመረ። ክርክሩ የተነሣው በዚህ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ነጋዴ ነው። ጠጋ ብሎ ሳያየው ፈረደ። "ኢንፌክሽን ነው። አሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍተህ ጨምርበት፣ አለቀ" አለ። በምን አወቅህ ሲባል፣ "የእኔ ልጅ ጉሮሮው ሲያብጥ በእሱ አይደል የዳነው?" አለ። ማስረጃው ይኸው ነበር።

ሌላው የባዮሎጂ መምህር ነው። "ቆይ ወንድሜ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መጀመሪያ ልየው" ብሎ የእጅ ባትሪ አስመጣ። እኔ ያን ጊዜውኑ ልቤ ወደ እሱ ሄደ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ድንጋዩ አጥንቱ ነው። በላዩ የተዘረጋው ስስ ነገር ሥጋው ነው። ሥጋው ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባል በዓይን የማይታይ ተክል መሰል ፍጡር ይኖራል። ብርሃን ተቀብሎ ምግብ እየሠራ ያበላዋል። ስለዚህ ነጣ ማለት ብቻውን ነገሩን አይነግርም። አልጌው ወጥቶ ሥጋው ከቀረ ኮራሉ ገና በሕይወት አለ። አጥንቱ በሥጋው ውስጥ አልፎ ይታያል፣ ፖሊፕ የሚባሉት አፍና ክንድ ያላቸው ጥቃቅን አካላቱም ብቅ ይላሉ። ብርሃኑ ተቀንሶለት ውኃው ከተስተካከለ ሊያገግም ይችላል። ሥጋው ራሱ ተልጦ አጥንቱ ከተራቆተ ግን ያ ቦታ ሞቷል።

የእኛው ሥጋው ተልጧል።

መምህሩ ቀጥሎ የጠየቀው "ከየት ጀመረ?" ብሎ ነው። ወደ ጎረቤት ኮራል የዞረው ጎን ብቻ ቢሆን፣ ጎረቤቱ ሌሊት ክንዱን ዘርግቶ እየነደፈው ሊሆን ይችላል። የተነከሰ የሚመስል ጠባሳ ቢኖረው ጨለማን ጠብቆ ተባይ መፈለግ ነው። ቡናማ ንፍጥ ቢሸፍነው ቶሎ ከሌሎቹ መለየት አለበት። ከሥሩ ወደ ላይ እየተላጠ ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው።

"ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ለአንድ ድንጋይ?" አለ ነጋዴው። እንስሳ መሆኑ ተነግሮት እንኳ ድንጋይ ነው የሚለው።

መምህሩ ወደ ልጁ ዞሮ "ውኃው ላይ ምን ታደርጋለህ?" አለው። "ምንም። ሌሎቹ ኮራሎች እኮ ደህና ናቸው።" "ተው እንጂ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።" ልጁ ዝም አለ። ቡናውን የሚያፈሉት እናቱ ናቸው ያወጡት። "ኧረ ልጄ፣ ውኃው ጎደለ እያልክ ጨው በጥብጠህ ትጨምርበት የለም እንዴ?"

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ውኃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል። በተነነው ምትክ የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው። ልጁ በጨው ላይ ጨው ሲደርብ ከርሟል። የጨው መለኪያው 1.025 አካባቢ ማሳየት ሲገባው 1.031 አሳየ፣ በሺህ 41 ገደማ ጨው ማለት ነው።

ነጋዴው ያን ቀን አንድ ቁም ነገር ተናግሯል፣ አልክድም። "ቀይ ባሕርስ ጨዋማ አይደል? ኮራል ሞልቶበት የለ?" አለ። እውነት ነው። ውቅያኖስ በሺህ ግራም ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው ሰሜናዊው ቀይ ባሕር ወደ 40 ይደርሳል። የዚያ ኮራል ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። የልጁ የቆዩ ኮራሎችም ቀስ በቀስ ለምደውታል። አዲሱ ሻጩ ጋ በ35 ኖሮ፣ መንገድ አንገላቶት መጥቶ፣ ባንድ ጊዜ 41 ውስጥ ተነከረ።

አሞክሳሲሊን ለኮራል ጨርሶ አይሆንም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሎሪዳ ውስጥ የታየውን የኮራል ሥጋ የሚያረግፍ በሽታ ባለሙያዎች በእሱ ያክሙታል። ግን በሽታውን ለይተው፣ እንደ ቅባት አዘጋጅተው፣ ቁስሉ ላይ ብቻ ነው የሚቀቡት። አኳሪየም ውስጥ እንዲሁ ቢበተን ጨው አይቀንስም። ይልቁንም የዓሣውን አሞኒያ የሚያስወግዱትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። መምህሩ ንጹሕ ውኃ በየቀኑ በጥቂቱ እየጨመሩ ጨውን ማውረድ ይሻላል አለ። ሥጋ ያለውን ቅርንጫፍ ከተላጠው መስመር በላይ ቆርጦ ለብቻ መትከልም ይቻላል። ልጁ ተስማማ። ነጋዴው "እናያለን" ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ጠባዩ የእሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ስንቱ ነው ልጁን ትኩሳት ሲይዘው ጤና ጣቢያውን አልፎ መድኃኒት ቤት የሚሮጠው? "ለጉንፋን የሚሆን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ስጠኝ" ይላል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ ምን ያደርግለታል? ሻጩም ሳይጠይቅ ይሰጣል። ሲሻለው ያቆማል፣ የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለጎረቤት ይታደላል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደግሞ "ምን ወስደህ ነበር?" ሲባል "ምንም" ነው መልሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን አደግን፣ ግን ተረቱን ለሌላ ሰው እንጂ ለራሳችን አንናገረውም።

ስብሰባችንም ያው ነው። ቧንቧው ለምን እንደደረቀ የሚያውቀው ሰው ጥጉን ይዞ ዝም ይላል፣ የማያውቀው ተነሥቶ መፍትሔ ያቀርባል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል። ላቦራቶሪ ግባ ሲባልም "ገንዘብ ሊያስወጡኝ ነው" ብሎ የሚያማርር ሰው፣ ለማይሠራለት መድኃኒት ደጋግሞ ሲከፍል ቅር አይለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።