ሸክሙ ላይ ወዳጅ፣ መብቱ ላይ ባዕድ

ወገኖቼ፣ አንድ ክፉ ልማድ አለብን። ሁለት ጓደኛሞች ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ ኪራይ ይካፈላሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነጋል። እኛ የሥጋ ዘመዶች አልፎ አልፎ ደውለን «አንተ እያለህለት ምን ያሳስበናል» እያልን ስልኩን እንዘጋለን። ሰውየው የሞተ ዕለት ግን ያንኑ አስታማሚ «ለመሆኑ አንተ ምኑ ነህ?» ብለን እናፋጥጠዋለን። መልሱን እኮ እናውቀዋለን! መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያቀርበው፣ የሐኪም ቀጠሮውን በቃሉ የሚያውቀው እሱ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን የምንተርት ሰዎች፣ ንብረት ፊታችን ሲቀርብ ተረታችንን እንክዳለን። ይህ ነውር ነው።

ያላገቡትን፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸውን፣ ልጆቻቸው የራቋቸውን «ቤተሰብ የሌላቸው» እያላችሁ ከንፈር አትምጠጡ። ከወዳጅ ጋር ለመኖር ሲወስኑም «በመካከላቸው ምን አለ?» እያላችሁ አትመርምሩ። ሰው ተዛዝኖ፣ ገበናውን ተሸፋፍኖ ለመኖር የግድ ባልና ሚስት መሆን የለበትም። ነገሩ የዘመናችን ፈሊጥም አይደለም። በመካከለኛው ዘመን፣ በዛሬዎቹ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ፣ ቤጊን የሚባሉ ሴቶች ሳያገቡ፣ የዕድሜ ልክ የምንኩስና ቃል ኪዳንም ሳይገቡ፣ በእጃቸው ሥራ እያደሩና ሕሙማንን እያስታመሙ በአንድ ግቢ ኖረዋል። በዚያችው ቤልጅየም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብረው የሚኖሩ ሁለት ሰዎች፣ ጓደኛሞችም ሆኑ እህትማማቾች፣ አብሮ መኖራቸውን በሕግ ማስመዝገብ ይችላሉ። በካናዳዋ አልበርታም ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ አለ። ሕግ አውጪዎች ያዩትን እኛ ጎረቤቶችና ዘመዶች እንዴት ማየት ተሳነን?

እናንተ አብራችሁ የምትኖሩ ወዳጆችም ከወቀሳው አታመልጡም። ይሉኝታ ይዟችሁ ዋናውን ነገር ሳትነጋገሩ ዓመታት ታሳልፋላችሁ። ስለ ሕመምና ስለ ሞት ማንሳት ሟርት ይመስላችኋል። የኪራይ ውሉ በአንዳችሁ ስም ብቻ ነው፤ የቤቱ ዕቃ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አንዳችሁ ራሱን ቢስት ሐኪሙ ማንን እንደሚጠራ አልተጻፈም። ፍቅራችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ዳኛው ግን ሰነድ ይጠይቃል። በውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ። የሕክምና ውሳኔን ለማን እንደምትሰጡ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ኑዛዜያችሁንም የአገራችሁ ሕግ በሚያዝዘው መንገድ ምስክር ባለበት ፈርሙ። ይህን ሁለታችሁም ጤነኞች ሳላችሁ አድርጉት፤ ለዘመዶቻችሁም ዛሬውኑ ንገሯቸው።