ቀይ ሥር «ደም ይሆናል» ለሚሉት

እህቴ፣ የሁለት ዓመት ልጅሽ ቀይ ሥር ስትሰጪያት እንደምትተፋ ጽፈሻል። «ደም ስለሚሆናት በግድም ቢሆን አጉርሻት» ብለው የመለሱልሽ ግን ተሳስተዋል።

ቀይ ሥር የቀላው በቀለሙ ነው እንጂ ሰውነት ደም ለመሥራት በሚያስፈልገው ብረት ብዛት አይደለም። 100 ግራም የተቀቀለ ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ በቀን 7 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል። በቀይ ሥር ብቻ እንሙላው ካልሽ ኪሎ ሊጠጋ ነው! ከዚያ ይልቅ ምስር ስጫት፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 3 ሚሊግራም ገደማ አለው። ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ ብረቱን ሰውነቷ በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ ከምግብ ጋር አትስጫት፤ እሱ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ገርጥታብሽ ከሆነ ደሟን አስመርምሪላት።

ቀይ ሥር አይረባም እያልኩ አይደለም፤ ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው። አፍንጫ ይዞ ማጉረሱ ግን ይቅር፣ እልህ ነው የሚያስይዛት። ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊኖርበት ይችላል። ሁለቴ ስለተፋች «አትወድም» አይባልም። እኔ ቤት የሠራው ከድንች ጋር ደፍጥጦ ሮዝ ማድረግ ነው። አንድ ማንኪያ ከልጄ እንጀራ ጎን አስቀምጬ ዝም። መጀመሪያ በጣቷ ግድግዳ ቀባችበት፣ ከሳምንት በኋላ ጣቷን ላሰች።

ስትበላልሽ ሽንቷ ቀላ ቢል አትደንግጪ፣ ያው ቀለሙ ነው።