ሴንት ስቲቨን አልሞተችም
«ሴንት ስቲቨን የጥጥ ፋብሪካዋ ሲዘጋ አብራ ሞታለች» የሚለው፣ ስለዚች የካናዳ ድንበር ከተማ የወጣው ጽሑፍ አባባል ከመጠን በላይ ተጋኗል። በፈረንጆቹ 1882 ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በ1950ዎቹ ተዘግቶ ብዙ ቤተሰብ እንጀራው መቋረጡ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ግን ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘለውታል። እኔ ከተማዋ ባለችበት በኒው ብረንስዊክ ክፍለ ሀገር ከባድ መኪና ስለምነዳ ከተማዋን አውቃታለሁ። ከዚያ የምጭነው በአብዛኛው ችፑድ ነው፤ ፋብሪካው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ግቢው ገና ሳይገቡ የእንጨት ሽታ ይቀበላል። ስለዚህ ፋብሪካ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ይገርማል። ከእኔ በላይ አስተያየት የጻፉት ወንድም ደግሞ ስለ ከተማዋ የቸኮላት ፋብሪካ «ቸኮላቱ አሁን ለቱሪስት ማሳያ ብቻ ነው» ብለዋል። ሙዚየም የሆነው መሀል ከተማ ያለው አሮጌው ሕንፃ ነው እንጂ በ1873 የተመሠረተው የቸኮላት ኩባንያ ጋኖንግ ዛሬም በአዲሱ ፋብሪካው ያመርታል። «ቺክን ቦንስ» የምትባለዋን ከረሜላ ገዝተው ይቅመሱ፤ ሮዝ ቅርፊቷ ቀረፋ ቀረፋ ይላል፣ ሲሰበር ውስጧ ቸኮላት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀረጡ ነው፤ የአሜሪካ ገበያ ድንበር ከሆነው ወንዝ ማዶ ስለሆነ፣ ዋሽንግተን ስለ ታሪፍ ባወራች ቁጥር መጀመሪያ የሚሳሳው በድልድዩ ላይ ያለው የእኛ ሰልፍ ነው።