ዮጋውን እንሰራለን፣ መድኃኒቱን ግን አትንኩብን

ሰሞኑን አንድ የኤፍ ኤም ፕሮግራም ላይ የቀረበ ላይፍ ኮች (የሕይወት አማካሪ ነኝ ባይ) ለአንዲት ደዋይ የሰጣትን ምክር ሰምታችኋል መቼም፣ ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ለጥፈውት ሰው የልብ ኢሞጂ እየደረደረበት ሲቀባበለው ነው የከረመው። ልጅቷ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ያለምክንያት አለቅሳለሁ፣ ሐኪም መድኃኒት ጀምሮልኛል አለች። እሱ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ እንኳን ሳይጠይቅ የሰውነትሽ ሚዛን ነው የተዛባው፣ ሐዘንሽ ዳሌሽ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ ኬሚካሉን ትተሽ ጠዋት ጠዋት ዮጋ ስሪ ብሏት እርፍ። ጋዜጠኛዋም ዋው ብላ ወደ ማስታወቂያ።

እኔ ራሴ ዮጋ እሰራለሁ፣ የተናደድኩትም ለዛ ነው። ዮጋ የሰይጣን አሰራር ነው የሚሉትን ዛሬ ተዉኝ፣ ከነሱ ጋር ሌላ ቀን እንነታረካለን። እነሱ ቢያንስ ከሩቅ ሆነው ነው የሚሳደቡት። ዮጋን የሚያዋርደው ግን በስሙ እየማለ ሰውን ከሕክምና የሚያስወጣው ወዳጅ ተብዬ ነው።

እስቲ ከዳሌው እንጀምር። ዳሌ ውስጥ አጥንት አለ፣ ጅማት አለ፣ ጡንቻ፣ ደም ስር፣ ነርቭ አለ። የሐዘን መጋዘን የሚባል ግን የለም፣ ማንም ሐኪም ከፍቶ አላገኘውም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፎ የዋለ ሰው የዳሌው ጡንቻ ግትር ይላል፣ ሲዘረጋው ያመዋል፣ ቆየት ሲል ደግሞ ቀለል ይለዋል፣ በቃ ይሄው ነው። ዮጋ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ሰውስ? አዎ አለ፣ እኔም አይቻለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲሮጥ የኖረ ሰው አንዴ ጸጥ ብሎ ጋደም ሲል የዋጠው ነገር ሁሉ ቢመጣበት ምን ይገርማል? ከዛ ተነስቶ ሐዘኑ ዳሌ ውስጥ ነበር ማለት ሽንኩርት ስንከትፍ ስለምናለቅስ ሐዘናችን ሽንኩርቱ ውስጥ ነው እንደማለት ነው። ይሄንን ነው እንግዲህ በሬዲዮ ሳይንስ ብለው የሚያስተምሩን።

ይሄ እንኳን ቢያስቅ ነው። የማያስቀው ያ ሚዛን የሚሉት ነገር ነው። ሚዛንሽ ተዛብቷል። እሺ፣ የምኑ? ልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ እየበሉ መክሳት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እነዚህ እኮ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ሲበዛ የሚመጡ ምልክቶች ናቸው፣ እኛ ደግሞ እንቅርት ብርቅ ያልሆነበት ሀገር ነው የምንኖረው፣ ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው ድካምና ድብርት ያመጣል፣ ይሄን ለመለየት አንድ የደም ምርመራ ነው የሚፈልገው። ልብ መምታትና መዛል ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ሴትዮዋ በቅርብ ወልዳ ከሆነ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ በቀላሉ የሚያይ ሰው ሞኝ ነው። ስሜትን ከጣራ ወደ ወለል የሚያመላልሰው ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ያኔ የተዛባው የሷ ሰውነት ሳይሆን ቤቷ ነው። ወይ ደግሞ ኪራይ ተጨምሮባት የምታድርበት አጥታ ነው፣ ለዚህ የሚሆን የዮጋ ፖዝ ካለ ይንገሩንና ሁላችንም እንስራው። እንግዲህ ኮቹ ይሄን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ሚዛን ብሎ ያስረዋል፣ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፣ ምንጣፍ አንጥፊ። ሐኪም በላብራቶሪና በጥያቄ ቀስ እያለ የሚፈልገውን ነገር ይሄ ሰውዬ በስልክ ድምጽ ብቻ አገኘው ማለት ነው። ሺህ ጊዜ ብትጎነበሺ የታይሮይድ ሆርሞንሽ አይስተካከልም፣ ደም ማነስሽም አይድንም፣ የሚሆነው ቢኖር ጥሩ ስሜት እየተሰማሽ በሽታው መክረሙ ነው።

ኬሚካሉን ተይው የሚለው ደግሞ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ጭካኔ ነው። የድብርት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት፣ ከበፊቱ የባሰ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። ለጭንቀት የሚሰጡት እነ ዲያዜፓም ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተወስደው ድንገት ቢቆሙ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊያንፈራግጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስቆመው። አማኑኤል ብላ ለሰው መናገር የምታፍር ልጅ በስንት መከራ ሐኪም ጋ ደርሳ መድኃኒት ስትጀምር በሁለት ደቂቃ አስጥሎ የሚሸኛት ሰው ሲመጣ ምን ይባላል?

ዮጋ አይሰራም እያልኩ አይደለም፣ ይሰራል። በፈረንጆቹ 2014 የአእምሮ ሐኪሙ ቤሴል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በሕክምና አልለቅ ያለ ፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይ ጥቃት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸውን 64 ሴቶች ለሁለት ከፍለው ነበር፣ ግማሾቹ በሳምንት አንዴ ለ10 ሳምንት ዮጋ ሲሰሩ ሌሎቹ የጤና ትምህርት ተማሩ። ሲጨርሱ ከዮጋዎቹ 31 ሴቶች 16ቱ የፒቲኤስዲን መስፈርት አላሟሉም፣ ከሌላው ቡድን 29 ደግሞ 6 ብቻ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ዮጋው እዛ የቀረበው በሌላ ሕክምና ላይ እንደሚጨመር ድጋፍ ነው፣ መድኃኒት ጣሉ ያለ የለም፣ የኛዎቹ ቁጥሩን ይወስዱና ይቺን ይዘሏታል። ጀርባም እንደዛው ነው፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2017 ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት ነገሮች ውስጥ ዮጋን አስገብቷል። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣት የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል፣ ይሄ ደግሞ ሰውነታችን የሚሰራበት መንገድ ነው፣ ቻክራ የሚሉት የኃይል ማዕከል አያስፈልገውም። ታዲያ ይሄን የመሰለ እውነት ይዘህ ምን አጥተህ ነው ውሸት የምትጨምርበት?

የዮጋው ሀገር ህንድ ራሷ ይሄን ጨዋታ ሰልችቷታል። ለሚሊዮኖች በቴሌቪዥን ዮጋ ሲያሰራ የኖረው ባባ ራምዴቭ፣ ፓታንጃሊ የሚባለው ድርጅቱ ደም ግፊትና ስኳር እናድናለን እያለ ሲያስተዋውቅ የሀገሪቱ ሐኪሞች ማኅበር ከሰሰ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ማስታወቂያውን አገደ፣ ሰውዬውም በጋዜጣ ይቅርታ እስኪያወጣ ድረስ አልለቀቀውም። እዛ ስመ ጥሩው ጉሩ ይጠየቃል፣ እዚህ ማንም ስልጠና ወስጃለሁ ያለ ማይክ ይሰጠዋል።

ሐኪሞቹ ጊዜ አይሰጡም፣ በሽተኛ ሳያናግሩ ነው የሚጽፉት የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ አንዳንዱ እውነት ነው። አንተ ግን ሐኪሙ የሰጣትን አምስት ደቂቃ እንኳን አልሰጠሃትም፣ ምን ትወስጃለሽ ብለህ አልጠየቅክም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይ ደም ግፊት ይኑርባት አይኑርባት ሳታውቅ እኮ ነው በጭንቅላት መቆም ሁሉ ያለበትን ዮጋ ስሪ ያልካት።

ጣቢያው የሚያደርገውን ልንገረው፣ በዛው ሰዓት፣ በዛው ፕሮግራም የአእምሮ ሐኪም ያቅርብና መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይመለስ ብሎ ያስነግር። ኮቹም አብሮ ይቀመጥ። ልጅቷ ስልኳ ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለሷ ይደውሉ፣ ቲክቶኩን በኋላ ያጠፉታል።