ኩባያውን ለይተን መስኮቱን እንዘጋለን

በክረምት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ከኋላ ወንበር «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚል ድምፅ ይነሣል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ንፋስን መፍራት ከወላጆቻችን የወረስነው በመሆኑ ቁጣው አያስገርምም፤ በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ረገድ ግን ይጎዳናል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ባክቴሪያው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲያወራ የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ሊቆዩ ይችላሉ። በኩባያ፣ በመጨባበጥ ወይም በጉርሻ አይተላለፍም። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል፤ የታማሚውን ኩባያ ለይተን ከገበታ እናርቀዋለን፣ ማታ ደግሞ በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ በርና መስኮቱን ጠርቅመን አብረነው እናድራለን።

ይህ መገለል ራሱ በሽታውን ያዛምታል። መገለልን የሚፈራ ሰው ሳሉን «ጉንፋን ነው» እያለ ይከርማል፤ ሳይታከም የቆየ ታማሚ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 የሚደርሱ የቅርብ ሰዎቹን ሊያስይዝ ይችላል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ስለዚህ ልንሰጋ የሚገባን መድኃኒቱን የጀመረውን ጎረቤታችንን ሳይሆን ሁለት ሳምንት አልፎት ያልተመረመረውን ሳል ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ መደበኛው ሕክምና 6 ወር የሚወስድ ሲሆን፣ ብዙዎች ትንሽ ሲሻላቸው ማቋረጣቸው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዲፈጠር በር ይከፍታል። ታማሚ ባለበት ቤት የሚኖሩ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም ተመርምረው የመከላከያ መድኃኒት ሊወስዱ ይገባል።

«መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር መስኮት ለሌላት ቤት ምን ይፈይዳል የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው፤ የቤት ችግርን ጤና ጣቢያ አይፈታውም። ነገር ግን የሚያስሉ ሰዎች ከሌላው ተገልጋይ ጋር ተጨናንቀው ተራ የሚጠብቁባቸውን አግዳሚ ወንበሮች ከጨለማ ኮሪደር አውጥቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል።